የአያትሽ ፍሉት፦ ሱፐር ግሉውን ከማንሳትሽ በፊት

«ጋሼ፣ ፒያሳ የነበረውን የአያቴን ቤት ስንለቅ ከቁም ሳጥን ጀርባ ጥቁር የእንጨት ፍሉት አገኘን። ቀዳዳዎቹን የሚከፍቱና የሚዘጉ ስምንት ቁልፎች አሉት። የላይኛው ክፍል በቁመቱ ተሰንጥቋል። የታችኞቹ ሁለቱ ደግሞ ተጣብቀው አንላቀቅም ብለዋል። አያቴ «አርባ ልጆች» ከሚባሉት የድሮ ሙዚቀኞች የተገኘ ነው ይል ነበር። አንድ ደላላ 15 ሺህ ብር ልስጣችሁ አለ። ልሽጠው? ወይስ ስንጥቁን በሱፐር ግሉ ደፍኜ ልጄ ይማርበት? ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ነው የሚማረው።»

እህቴ፣ ሱፐር ግሉውን ለጊዜው ወደ ጎን አድርጊው። ሌላውን ቀስ ብለን እናየዋለን።

ከላክሽልኝ ፎቶ እንደማየው ዕቃው የጀርመን ሥራ ነው። የሠሪ ስም የለውም፤ የአገር ስም ብቻ ነው የታተመበት። አሜሪካ ከውጭ የሚገባ ዕቃ የተሠራበት አገር ይጻፍበት የሚል ሕግ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1890 ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ማህተም ያለው ፍሉት ባብዛኛው ከዚያ ወዲህ የተሠራ ነው። ዛሬ በየኦርኬስትራው የምናየውን ፍሉት ቦህም የሚባል የሙኒክ ሰው እ.ኤ.አ. በ1847 አውጥቶት ነበር። ጀርመኖች ግን የድሮውን ዓይነት እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ በገፍ ማምረታቸውን አልተዉም። ያንቺ ከነዚያ አንዱ ነው።

ዋጋውስ? ሠሪው የማይታወቅ፣ ያልተጠገነ እንዲህ ያለ ፍሉት ውጭ አገር ከመቶ እስከ ጥቂት መቶ ዶላር ቢያወጣ ነው። ስለዚህ ደላላው አልዘረፈሽም። ይገርማል፣ ግን እውነት ነው። የአርባ ልጆች ነገር ከተረጋገጠ ሌላ ታሪክ ይሆናል። እነሱ ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርመኖች ናቸው፤ የሚታወቁትም በነሐስ ባንድ ነው፣ በእንጨት ፍሉት አይደለም። አያትሽ ዋሹ አላልኩም። ፍሉቱን ይዘው የተነሱት ፎቶ ወይም አንድ ደብዳቤ ካለ ፈልጊ። ያለ ማስረጃ ግን ወሬው ሳንቲም አይጨምርም።

መጋጠሚያዎቹ ላይ ያሉትን ነጭ ቀለበቶች በማጉያ መነጽር እያቸው። ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣብ ከታየሽ አጥንት ነው። የሚጠላለፉ ስስ መስመሮች ካሉ የዝሆን ጥርስ ነው። ያኔ ከአገር አውጥቶ መሸጥ የሚታሰብ አይደለም፤ ሕጉ ከባድ ነው። በጋለ መርፌ ልሞክር እንዳትይ፣ ምልክቱ ለዘላለም ይቀራል።

አሁን ወደ ስንጥቁ። የላይኛው ክፍል ውስጥ ጣትሽን ብትሰጂ ብረት ትነኪያለሽ። እንጨቱ ቀጭን የብረት ቱቦ ላይ ነው የተጠለቀው። የአዲስ አበባ በጋ ደረቅ ነው፤ እንጨት ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ብረቱ ግን አይኮማተርም። መሄጃ ያጣው እንጨት ይሰነጠቃል። እንደ ጠበበ ቀሚስ ስፌቱ ላይ ይተረተራል። ቱቦው እዚያው እያለ ስንጥቁን ብትደፍኚው በሚቀጥለው በጋ እዚያው ወይ ከጎኑ ይከፈታል። ሱፐር ግሉውን ተይው ያልኩሽ ለዚህ ነው። ሙጫው ራሱ መጥፎ ሆኖ አይደለም፣ እኔም እጠቀምበታለሁ። ግን መጨረሻ ላይ ነው። በቅድሚያ ቱቦው በልኩ ሙቀት ተላቆ ይወጣል። የእንጨቱ ውስጥ በጥቂቱ ይሰፋል፣ ቱቦው ሲመለስ ሳያስጨንቀው እንዲቀመጥ። ከዚያ ስንጥቁ በማጥበቂያ ቀስ ተብሎ ይዘጋል። ሙጫና የዚያው እንጨት ዱቄት የሚገባው ያኔ ነው። ስንጥቁ አፍ የሚነፋበት ቀዳዳ ድረስ ባለመድረሱ እድለኛ ነሽ።

ይህ ቤት ውስጥ የሚሞከር አይደለም፣ የጠጋኝ ሥራ ነው። አንቺ የምትችይው እርጥበቱን መመለስ ነው። ክዳን ያለው የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ የተጨመቀ እርጥብ ስፖንጅ አድርጊ፣ እንጨቱን እንዳይነካው። ለሳምንታት ተዪው፣ ሻጋታ እንዳያወጣ ግን በየቀኑ ክፈቺው። አንዳንድ ስንጥቅ በዚህ ብቻ ይጠብባል።

የተጣበቁትን ክፍሎች በፒንሳ እንዳትነኪያቸው። ቁልፎቹን ይዘሽም አትጠምዝዢ፣ ይጣመማሉ። ብዙ ጊዜ የሚይዛቸው የደረቀ ቅባትና መጋጠሚያው ላይ የተጠመጠመ ያረጀ ክር ነው። ባዶውን እንጨት ይዘሽ ወዲያ ወዲህ አነቃንቂ፤ እምቢ ካለ ተይው። ሲላቀቅ አዲስ ክር ሰም ቀብተሽ ጠምጥሚበት። ስኮች አይሆንም።

ዘይት የአልሞንድ ይሁን፣ በስሱ፣ ውስጡን ብቻ። የኑግ ዘይት ከጊዜ በኋላ ደርቆ ሙጫ ይሆናል። ቅቤማ ይሸታል። የቁልፎቹን ፓድ (ቀዳዳውን የሚደፍነውን ለስላሳ ንጣፍ) ዘይት እንዳይነካው፣ ለነገሩ እነሱ ሁሉም መቀየራቸው አይቀርም።

ስለ ልጅሽ፦ ያሬድ ትምህርት ቤት የሚማርበት ፍሉት የቦህም ነው፣ የጣት አያያዙ ይለያል። የዚህ ቃናም ከፒያኖ ጋር ላይገጥም ይችላል። ለትምህርቱ ሌላ ፍሉት ያስፈልገዋል። ይሄኛው ተጠግኖ ሲመለስ ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ከ10 ደቂቃ በላይ አይንፋው፣ በጨረሰ ቁጥርም ውስጡን በጨርቅ ያድርቀው።