የውሃ ጠብታ አያታልላችሁ፦ በኮንክሪት መከላከያ ቅብ ላይ ዶክትሬት ለጀመራችሁ

በውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ስለ ኮንክሪትና ልስን መከላከያ ቅብ ማጥናት የጀመራችሁ ወገኖቼ፣ ከሁሉ በፊት የአንድ ዙር ሙከራ ስንት ቀን እንደሚበላ ቁጠሩ። ናሙናው ውሃ ውስጥ 28 ቀን ይቆያል፣ 14 ቀን ይደርቃል፣ ቅቡ እስኪጠና 7 ቀን ይፈልጋል፣ የተፋጠነው የካርቦኔሽን ፈተና (ካርቦኔሽን ማለት የአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ኮንክሪቱ ውስጥ ገብቶ ፌሮውን ከዝገት የሚጠብቀውን አልካላይነት ሲያጠፋ ነው) ደግሞ 70 ቀን ይወስዳል። ድምሩ 119 ቀን ነው። በዓመት ሦስት ዙር ብታገኙ ነው፤ አንዱ ከተበላሸ አራት ወር ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ ንባቡን ጨርሼ ነው ናሙና የማዘጋጀው አትበሉ። በመጀመሪያው ወር አቡክታችሁ አፍስሱ፤ እሱ ሲጠነክር እናንተ ታነባላችሁ።

ለመነሻ የታወቀው የአውሮፓ ልክ ይበቃል፦ 450 ግራም ሲሚንቶ፣ 1350 ግራም ደረጃውን የጠበቀ አሸዋ፣ 225 ግራም ውሃ። ከዚህ 40 በ40 በ160 ሚሊ ሜትር የሆኑ ሦስት ናሙናዎች ይወጣሉ። ዛሬ የተቦካውን በሙሉ ሳትቀቡ ለማነጻጸሪያ፣ ነገ የሚቦካውን በሙሉ ለቅብ አትመድቡ። እንዲያ ከሆነ ያያችሁት ልዩነት የቅቡ ይሁን የቡኮው መለየት አትችሉም። ከአንድ ቡኮ የወጡትን ሦስቱን ከፋፍሉ፦ አንዱ ያልተቀባ፣ አንዱ ቅቡ የሚሟሟበት ፈሳሽ ብቻ የተቀባ፣ አንዱ ቅቡን የተቀባ። ይህን ቢያንስ አምስት ጊዜ ድገሙት። ፈሳሹን ብቻ የተቀባውን ብዙዎች ይዘሉታል፤ ገምጋሚ ግን መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።

የቅርጹ ዘይት ገጹ ላይ ቀርቶ ቅቡ እንዳይይዝ ያደርጋል። ከላይ ተስተካክሎ የቀረው ገጽ ደግሞ ውሃ የበዛበት ደካማ የሲሚንቶ ስስ ሽፋን ይሸከማል። የትኛውን ገጽ እንደምትቀቡ አንዴ ወስኑ፤ በሁሉም ላይ እኩል ፈግፍጉት፣ አቧራውን በአየር ንፉት።

ለማድረቅ 105 ዲግሪ አትጠቀሙ። በዚያ ሙቀት ኤትሪንጋይት የሚባለው የሲሚንቶ ውሁድ ይፈርሳል፣ ጥቃቅን ስንጥቆችም ይወጣሉ፤ ከዚያ በኋላ የምትለኩት ራሳችሁ ያበላሻችሁትን ናሙና ነው። ከ40 እስከ 50 ዲግሪ ላይ አቆዩት፣ በ24 ሰዓት ውስጥ የክብደቱ ለውጥ ከ0.1 በመቶ በታች እስኪሆን። ከዚያ ጥቂት ቀናት በላቦራቶሪው አየር ውስጥ ይቆይ። ቀዳዳዎቹ በውሃ ከሞሉ ሲሌን (ቀዳዳ ውስጥ ሰርጎ ገብቶ ውሃን የሚያባርር የሲሊኮን ውሁድ) መግቢያ አያገኝም፤ ፈጽሞ ከደረቁ ደግሞ ከሲሚንቶው ጋር ለመጣበቅ የሚፈልገው ጥቂት እርጥበት ይጎድለዋል።

የተቀባውን መጠን በሚዛን እንጂ በ«ሁለት እጅ» አትመዝግቡ። በካሬ ሜትር 200 ግራም ካላችሁ፣ ለ40 በ160 ሚሊ ሜትር ገጽ የሚደርሰው 1.28 ግራም ብቻ ነው። ብሩሹ ላይ የሚቀረው ከዚህ ሊበልጥ ይችላል፤ ስለዚህ ብሩሹን ሳይሆን ናሙናውን ከመቀባቱ በፊትና እንደተቀባ ወዲያው መዝኑ። ቴትራሜቶክሲሲሌን የምትጠቀሙ ካላችሁ ትነቱ ዓይን እስከ ማሳወር ይደርሳል፤ ከትነት መሳቢያው ውጭ ጠርሙሱን አትክፈቱ። የሚቻል ከሆነ በኤቶክሲው ዓይነት (ቴትራኤቶክሲሲሌን) ተኩት።

አሁን ወደ ጠብታዋ። ውሃው እንደ ዶቃ ድብልብል ብሎ ሲቆም፣ ከገጹ ጋር የሚሠራው ማዕዘንም ከ90 ዲግሪ ሲያልፍ ፎቶው ያምራል። ነገር ግን የሚነግራችሁ ስለ ላይኛው ስስ ገጽ ብቻ ነው፤ ያ ገጽ በፀሐይና በአቧራ ቀድሞ ይጠፋል። ናሙናውን ለሁለት ሰንጥቁትና የተሰነጠቀው ፊት ላይ ውሃ እርጩ፦ ሲሌን የደረሰበት ጠርዝ ነጣ ብሎ ይቀራል፣ መሐሉ ይጠቁራል። የነጣውን በሚሊ ሜትር ለኩ። የአውሮፓው የመከላከያ ቅብ ደረጃ ኢኤን 1504-2 በዘልቆ መግባት ጥልቀት ክፍል አንድና ሁለትን የሚለየው 10 ሚሊ ሜትር ላይ ነው።

ብዙ ጥናት የሚሰናከለው ግን ካርቦኔሽን ላይ ነው። ሲሌን ፈሳሽ ውሃን ይከለክላል እንጂ ቀዳዳውን አይደፍንም፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያልፋል። እንዲያውም ርጥቡ ኮንክሪት በውስጡ እየደረቀ ሄዶ እርጥበቱ ከ50 እስከ 70 በመቶ ሲደርስ፣ ካርቦኔሽን የሚፈጥነው በዚሁ ክልል ስለሆነ፣ የተቀባው ካልተቀባው ሊብስ ይችላል። በሌላ በኩል ፌሮው ለመዛግ ውሃ ይፈልጋልና ድርቀቱ ዝገቱን ያዘገያል። ሁለቱን ለብቻ ሳትለኩ «ይከላከላል» ብላችሁ አትጻፉ። ለካርቦኔሽኑ 3 በመቶ ጋዝ፣ 57 በመቶ እርጥበት፣ 20 ዲግሪ ሙቀት ያዙ። ጋዙ በአንድ ፊት ብቻ እንዲገባ የቀሩትን ፊቶች በኤፖክሲ ዝጉ፤ በመጨረሻም ሰንጥቃችሁ 1 በመቶ ፌኖልፍታሊን (አልካላይ ሲነካው ሐምራዊ የሚሆን አመልካች ፈሳሽ) እርጩ። ሐምራዊ ያልሆነው የተበላው ነው።

በሰሜን አውሮፓ አማካሪያችሁ የሚጨነቀው ስለ ውርጭና መንገድ ላይ ስለሚበተን ጨው ነው፤ ባሕረ ሰላጤው ላይ ያለው ስለ ባሕር ጨው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ሆና የክረምት ዝናብና ብርቱ ፀሐይ ይፈራረቁባታል። አገር ቤት በብዛት የሚሠራበት የፖዞላና (እንደ እሳተ ገሞራ አመድ ያለ ተጨማሪ የተቀላቀለበት) ሲሚንቶም ጠባዩ ይለያል፦ ፖዞላናው ኖራውን ስለሚጠቀምበት አሲድን የሚመክተው ክምችት ያንሳል፣ ካርቦኔሽንም ይፈጥናል፤ ጥንካሬውም ስለሚዘገይ 28 ቀን ላይበቃው ይችላል፣ 90 ቀን ስጡት። አንድ ምዕራፍ ለዚህ ጠይቁ። ከአገር ማስመጣት ካስቸገረ ገበያ ላይ ሴም 4 የሚባለውን ግዙ፤ አንድ አይደለም፣ ግን በጣም ይቀርባል። ብሎኬትና ልስንም ጨምሩ፣ ቤታችን የተሠራው በነሱ ነውና። ለፀሐዩ ፈተና ዩቪኤ-340 መብራት ይሁን። ዩቪቢ-313 የሚያወጣው አጭር ሞገድ ከፀሐይ ምድር ላይ የማይደርስ ስለሆነ ጥሩውንም ቅብ ያለጥፋቱ ይጥለዋል።

የመጣበቅ ኃይሉን በ50 ሚሊ ሜትር ክብ ብረት ስትጎትቱ፣ ዙሪያውን ቅቡን አልፎ ኮንክሪቱ ውስጥ እስኪገባ ቁረጡ። ከቁጥሩ ጎን የት ላይ እንደተላቀቀ ጻፉ፦ ኮንክሪቱ ውስጥ ነው፣ ቅቡ ሥር ነው ወይስ ማጣበቂያው ላይ? ማጣበቂያው ላይ ከተላቀቀ ያ ቁጥር የቅቡ አይደለም፤ ደግማችሁ ጎትቱ።