«ስምዐኒ ቃልየ»፦ ቃልና ድምፅ አንድ ናቸውን?

ጥያቄ፦ በዐረብ ሀገር በሰው ቤት ተቀጥሬ ስለምሠራ ድምፄን አውጥቼ መጸለይ አልችልም። መዝሙር 129 በግእዝ «እግዚኦ ስምዐኒ ቃልየ» ሲል አማርኛው «አቤቱ፥ ድምፄን ስማ» ይላል። ቃልና ድምፅ አንድ ናቸውን? ያለ ድምፅ የምጸልየውስ ይሰማልን?

መልስ፦ የተወደድሽ እኅታችን፣ በግእዝ «ቃል» ከአፍ የሚወጣው ድምፅም፣ ድምፁ የሚያደርሰው ነገርም ይባላል። የጠቀስሽው መዝሙር ቀጥሎ «ወይኩን እዝንከ ዘያፀምዕ ቃለ ስእለትየ» ይላል፤ ግእዙ ሁለት ጊዜ «ቃል» ያለውን አማርኛው አንዱን «ድምፄን»፣ ሁለተኛውን «የልመናዬን ቃል» ብሎ ለይቶታል።

መለየቱ በሃይማኖት ትምህርት እጅግ ያስፈልጋል። በዮሐንስ ወንጌል መጥምቁ «አነ ውእቱ ቃለ ዓዋዲ» ሲል የአዋጅ ነጋሪ ድምፅ ነኝ ማለቱ ነው፤ ወንጌሉ ሲጀምር «ቀዳሚሁ ቃል ውእቱ» (በመጀመሪያ ቃል ነበረ) ያለው ግን ስለ አካላዊ ቃል፣ ስለ ወልድ ነው። አባቶቻችን አብን ልብ፣ ወልድን ቃል፣ መንፈስ ቅዱስን እስትንፋስ ብለው ሲያስተምሩ ቃል ያሉት ከልብ የሚገኘውንና ከልብ የማይለየውን እንጂ ተሰምቶ የሚያልፈውን ድምፅ አይደለም።

ቃል ያለ ድምፅ እንደሚደርስ የመጥምቁ አባት ካህኑ ዘካርያስ ምስክር ነው፤ አንደበቱ ተዘግቶ ሳለ ብራና ለምኖ «ስሙ ዮሐንስ ነው» ብሎ ጻፈ፣ የተሰበሰቡትም ሁሉ ተረዱት። ለአንቺ ይበልጥ የምትቀርብሽ ግን ሐና ናት። በቤተ መቅደስ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች በልቧ ስትጸልይ ድምፅዋ ስላልተሰማ ካህኑ ዔሊ የሰከረች መስሎት ገሠጻት፤ እግዚአብሔር ግን ልመናዋን ሰምቶ ሳሙኤልን ሰጣት። በቅርቧ ተቀምጦ ያያት ካህን እንኳ ያልሰማውን ጸሎት የሰማ አምላክ፣ አንቺ ሌሊት ደክመሽ በመኝታሽ አጠገብ የምታደርሽውንም ይሰማል።

ስለዚህ ዳዊቱንና ውዳሴ ማርያሙን በዐይንሽ ብቻ አትለፊው፤ እንደ ሐና ከንፈርሽን እያንቀሳቀስሽ አድርሺ፣ ከንፈር ሲቆም ሐሳብ ቶሎ ይበተናልና። ዕረፍት አግኝተሽ ቅዳሴ ለማስቀደስ በቻልሽበት ቀን ደግሞ የሕዝቡን ተሰጥዎ ከምእመናን ጋር ድምፅሽን አውጥተሽ መልሺ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።