የምግብ ደኅንነት እውቅና ለምግብ ቤቶች፦ ጥያቄና መልስ

በፈቃዳቸው ለምግብ ደኅንነት እውቅና የሚያመለክቱ ምግብ ቤቶችን እገመግማለሁ። ከቀረቡልኝ ጥያቄዎች የቻልኩትን ያህል መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ፈቃድ አለን፣ ቁጥጥሩንም በየጊዜው እናልፋለን። እውቅናው ምን ይጨምርልናል?

መልስ፦ ተቆጣጣሪ የሚያያችሁ በዓመት ለጥቂት ሰዓታት ነው። የእውቅና ገምጋሚ የሚፈልገው በቀረው ጊዜ ስሕተታችሁን ራሳችሁ ፈልጋችሁ የምታርሙበት አሠራር ነው። ዝርዝሩ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ በየፈረቃው የሠለጠነ ኃላፊ፣ የሙቀት መዝገብ፣ የታመመ ሠራተኛን የሚመለከት የጽሑፍ መመሪያና ንጹሕ የቁጥጥር ታሪክ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይቀሩም።

ጥያቄ፦ የማቀዝቀዣችን የሙቀት መዝገብ አንድም ቀን ከገደብ ወጥቶ አያውቅም። ያስመሰግነናል?

መልስ፦ እኔን ያስጠረጥረኛል። ወሩን ሙሉ 4 ዲግሪ፣ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ እጅ ጽሑፍ! በምሳ ግርግር በሩ ስንት ጊዜ እንደሚከፈት እናውቃለን። እንዲህ ያለው መዝገብ ገምጋሚ ሊመጣ ነው ሲባል ቁጭ ብሎ የተሞላ ነው። ደስ የሚለኝ «ጠዋት 9 ዲግሪ፤ የበሩ ጎማ ላልቷል፤ ከመቼ ጀምሮ እንደሞቀ ስላልታወቀ ወተቱ ተጥሏል፤ ጎማው ተቀይሯል» የሚለው ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ቤት ነጥብ አልሰስትም።

ጥያቄ፦ መጀመሪያ የምታዩት ምንድን ነው? ወለሉን?

መልስ፦ ወለሉንማ ማንም ያጸዳዋል። እኔ የማየው ትናንት ተሠርቶ ያደረውን ሾርባ ነው። እንደ ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ ያሉ ባክቴሪያዎች መፍላትን የሚቋቋም ስፖር (እንደ ዘር የተኛ ቅርጽ) አላቸው፤ ምግቡ ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ ነቅተው ይራባሉ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ያወጣው ሞዴል ደንብ የበሰለ ምግብ ከ57 ወደ 21 ዲግሪ ሴልሺየስ በ2 ሰዓት፣ ወደ 5 ዲግሪ ደግሞ በጠቅላላው በ6 ሰዓት ውስጥ እንዲወርድ ይጠይቃል። ትልቅ ድስት እንዳለ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከገባ ጠርዙ ይበርዳል፣ መሃሉ ግን ለብ እንዳለ ያድራል። ዝቅ ባሉ ሰፋፊ ትሪዎች አከፋፍሉት፤ ካልሆነም ድስቱን በረዶ በተጨመረበት ውሃ ውስጥ አስቀምጣችሁ አማስሉ። ቴርሞሜትሩ የሚሰካው መሃሉ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ሁልጊዜ ጓንት እናደርጋለን። ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም። ጥሬ ሥጋ፣ ስልክና ሰላጣ በተራ የነካ ጓንት ካልታጠበ እጅ በምን ይሻላል?

ጥያቄ፦ ሦስት ሠራተኞች ብቻ ነን። ሃሳፕ (HACCP) የሚባለው የምግብ አደጋ መከላከያ ሥርዓት የፋብሪካ ነገር አይደለም?

መልስ፦ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የተጠነሰሰው ለጠፈርተኞች ምግብ ስለሆነ ስሙ ያስፈራል። ፍሬ ነገሩ ግን አደጋው የት ይገባል፣ የት ይገታል፣ ገደቡ ስንት ነው፣ ገደቡ ሲታለፍስ ማን ምን ያደርጋል የሚል ነው። ለእናንተ ሁለት ገጽ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ተመጋቢ ነኝ። በር ላይ የተለጠፈውን ምልክት ልመነው?

መልስ፦ መጀመሪያ የሚያበቃበትን ቀን ያንብቡ፤ ከዚያ ሰጪው ማን እንደሆነ ይዩ። ቦታው ድረስ ሳይሄድ የሚሰጥና ከማንም ነጥቆ የማያውቅ ከሆነ ማስታወቂያ ነው። ምልክት የሌለው ሁሉ ደግሞ ቆሻሻ አይደለም፤ ያላመለከተም ሊሆን ይችላል። የፈቃደኝነት አሠራር ትልቁ ድክመቱ ይኸው ነው፤ ደካማው ዝም ብሎ ይደበቃል። ዌልስ ከ0 እስከ 5 የሚሰጠውን የንጽሕና ደረጃ መለጠፍን እ.ኤ.አ. በ2013 ግዴታ ያደረገችው ያለ ምክንያት አይደለም።

ጥያቄ፦ ምግብ አብሳይ ነኝ። መመሪያው «ታመህ አትምጣ» ይላል፤ ከቀረሁ ግን የቀን ደመወዜ ይቆረጣል።

መልስ፦ እንግዲያው ወንድሜ፣ መመሪያው የተጻፈው ለእኔ እንጂ ለአንተ አይደለም። ትውከትና ተቅማጥ የሚያመጣው ኖሮቫይረስ እጅግ ጥቂቱ እንኳ ሰውን ለማሳመም ይበቃል፤ የእጅ አልኮልም ብዙ አይበግረውም። ትውከትና ተቅማጥ ከቆመ በኋላ 48 ሰዓት መቆየት ያስፈልጋል፤ ይህን ጊዜ የማይከፍል ቤት ሠራተኛው ሕመሙን እንዲደብቅ ይገፋፋዋል። ስለዚህ አብሳዮቹን አለቃ በሌለበት «ባለፈው ስትታመሙ ምን አደረጋችሁ?» ብዬ እጠይቃለሁ። መልሱ ከመመሪያው ጋር ካልገጠመ አላሳልፍም።

ጥያቄ፦ ብንወድቅስ?

መልስ፦ አሟልታችሁ እንደገና ታመለክታላችሁ። መዝገቡን ግን ከዛሬ ጀምሩ፤ የወራት መዝገብ በአንድ ሌሊት አይጻፍም፤ ከተጻፈም ያስታውቃል።