ባሕር የሌላት አገር የብክለት ገምጋሚ

ጥያቄ፦ ዘንድሮ በኬሚስትሪ ተመርቄያለሁ። ከባድ ብረቶች በአፈርና በባሕር ላይ የሚያደርሱትን ሥነ ምህዳራዊ ስጋት መገምገም በሁለተኛ ዲግሪ ልማር እፈልጋለሁ። ቤተሰቦቼ ግን «ባሕር በሌለበት አገር ማን ይቀጥርሻል?» ይሉኛል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ቤተሰቦችሽ ያሉት ከንቱ አይደለም፤ «የባሕር ብክለት ባለሙያ ይፈለጋል» የሚል ማስታወቂያ አዲስ አበባ ላይ ብትጠብቂ ታረጃለሽ። ነገር ግን ይህ ሙያ አብዝቶ የሚመረምረው ከውኃው ሥር የሚተኛውን ደለል ነው፤ ደለል ደግሞ ሞልቶናል። የሞጆ ቆዳ ፋብሪካዎች ክሮሚየም በሞጆ ወንዝ ወደ ቆቃ ይወርዳል፤ የአዲስ አበባ ፍሳሽ በአቃቂ በኩል አባ ሳሙኤል ይገባል። ሁለቱም የአዋሽ ገባሮች ናቸው፤ አዋሽም ባሕር ሳያይ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። ሌላው አገር ወደ ውቅያኖስ የሚሸኘው ብክለት በአዋሽ ላይ መውጫ የለውም።

ዛሬ በየባሕር ዳርቻው የሚሠራበት የስጋት ስሌት ራሱ ከሐይቅ የወጣ ነው። ስዊድናዊው ላርስ ሃካንሰን በ1980 እ.ኤ.አ. ያወጣው በአገሩ ሐይቆች ደለል ላይ ሞክሮ ነው። በናሙናው የተገኘውን መጠን ለተፈጥሮ መነሻው፣ ማለትም ብክለት ሳይደርስ ለነበረው መጠን፣ ታካፍያለሽ፤ ከዚያ በብረቱ የመርዛማነት ነጥብ ታባዣለሽ፦ ሜርኩሪ 40፣ ካድሚየም 30፣ እርሳስ 5፣ ክሮሚየም 2። ሁለት ብረቶች ከመነሻቸው ሦስት እጥፍ ቢገኙ ካድሚየሙ 90 ያወጣል፣ ክሮሚየሙ 6። ከ40 በታች ያለው ዝቅተኛ ስጋት ይባላል። ይህንን ማንም በስልኩ ያሰላዋል።

ባለሙያ የሚያስፈልገው ለአካፋዩ፣ ለተፈጥሮ መነሻው፣ ነው። ጀማሪ ከመጽሐፍ የዓለምን አማካይ ያነሳል፤ ለክሮሚየም በተለምዶ በኪሎ ግራም 90 ሚሊ ግራም ነው። ባዛልት ከሚባለው የእሳተ ገሞራ ዐለት የተፈጠረ አፈር ግን ፋብሪካ ሳይነካው ክሮሚየምና ኒኬል ሊበዛበት ይችላል፤ የደጋችን ብዙው ደግሞ ባዛልት ነው። እንግዲህ ዐለቱ ያደረገውን በፋብሪካው ላይ ልትጽፊ ነው፣ የፋብሪካው ጠበቃም ሪፖርትሽን በአንድ ጥያቄ ይጥለዋል። መነሻውን ከፋብሪካዎቹ በላይ ካለው የወንዙ ክፍል፣ ወይም ከጥልቅ የቆየ ደለል ራስሽ ቆፍረሽ አውጪ። ስሌቱ ጠቅላላ ክሮሚየምን እንጂ ዓይነቱን እንደማይለይም አትርሺ፤ ባለ ስድስቱ ክሮሚየም (ክሮሚየም VI) ቆዳ ከሚለፋበት ከባለ ሦስቱ (ክሮሚየም III) በመርዛማነቱ እጅግ ይከፋል። የኬሚስትሪ ዲግሪሽ ዋጋ የሚያወጣው እዚህ ላይ ነው።

ሥራው ያለው በአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቶች፣ በቆዳና በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች፣ ከሁሉም በላይ በአማካሪ ድርጅቶች ነው፤ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ፕሮጀክቶች የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ እንዲያደርጉ ስለሚያስገድድ። የአማካሪ ሥራ ገቢው ወጣ ገባ ነውና በደመወዝ ለለመደ ሰው ይከብዳል። አር (ለስታቲስቲክስ) እና ኪውጂአይኤስ (ለካርታ) የሚባሉትን ነፃ ሶፍትዌሮች ከአሁኑ ተማሪ፤ ካርታ መሥራት የሚችል ኬሚስት ይፈለጋል።

ባሕሩንም አትተዪው። በቤልጅየም የጌንት፣ የብራስልስና የአንትወርፕ ዩኒቨርሲቲዎች ውቅያኖስንና ሐይቅን አጣምሮ የሚያስተምር የጋራ ሁለተኛ ዲግሪ አላቸው። የሞጆን ደለል የሠራ አመልካች እዚያ የሚያሳየው ነገር ይኖረዋል።

እዚሁ ለመማር ከወሰንሽ ግን ከመመዝገብሽ በፊት ትምህርት ክፍሉን ሁለት ነገር ጠይቂ፦ የብረት መለኪያ መሣሪያው ይሠራል? የናሙናውን ምርመራስ ማን ይከፍላል?