«ዲዛስተር» ከኮከብ ጋር ምን አገናኘው?

ወንድሜ፣ «ዲዛስተር ምን ማለት ነው፣ ከየትስ መጣ?» ብለሃል። ትልቅ ጥፋት፣ መዓት ማለት ነው። ለተራ አደጋ አይባልም። አመጣጡ ግን በጣም ይገርማል። ሥሩ «አስትሮን» የሚለው የግሪክ ቃል ነው፤ ኮከብ ማለት። ጣሊያኖች «ዲስ» የምትለዋን አፍራሽ ቅጥያ ከፊቱ አድርገው «ዲዛስትሮ» አሉ። ኮከቡ የከፋበት እንደማለት። ከዚያ በፈረንሳይኛ በኩል አድርጎ፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝኛ ውስጥ ገባ።

እኔ መንዝ ነው ያደግሁት። ውርጭ ሌሊቱን ገብሱን መትቶት ያደረ ጊዜ፣ አያቴ ፍሬ አልባውን ዛላ በጣቷ እያሸች «ምን ዓይነት ኮከብ ወጣብን!» ትል ነበር። የቃሉን ታሪክ ሳውቅ ቶሎ የመጣችብኝ እሷ ናት። ጣሊያንኛ የት ታውቃለች? ሐሳቡ ግን አንድ ነው። ተጋቢዎች ሳይስማሙ ሲቀሩ «ኮከባቸው አልገጠመም» የምንለውስ?