የመምህሩ ዓምድ፦ የግሪክ ስሞች ለምን ይጠፉብኛል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። የባዮሎጂ መዝገበ ቃላት ተገዝቶልኝ ነበር። የነፍሳት ምድቦችን ስም ዲፕቴራ፣ ኮሊዮፕቴራ፣ ሌፒዶፕቴራ እያለ ይቀጥላል፤ ሁሉም ላይ «ከግሪክ የመጣ» ይላል። ሸምድጄ ሳልጨርስ ይጠፋብኛል። ምን ይሻለኛል? (ተማሪዋ፣ ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ልጄ፣ ሦስቱን ለየብቻ አትሸምድጂ። ሦስቱም ውስጥ ፕቴሮን አለ፤ ክንፍ ማለት ነው። ሄሊኮፕተር ውስጥ ያለውም እሱ ነው። ዲ ሁለት ነው፤ ዝንብና ትንኝ ባለ ሁለት ክንፍ ናቸው። ኮሊዮስ ሰገባ ነው። ጢንዚዛ ልትበር ስትል ልብ ብለሽ እያት። መጀመሪያ እንደ ሰገባ የሚሸፍነውን ጠንካራ የላይ ክንፍ ትከፍታለች፤ የምትበርበት ስሱ ክንፍ ከሥር ይወጣል። ሌፒስ ደግሞ ቅርፊት ነው። ቢራቢሮ ስትይዢ ጣትሽ ላይ የሚቀረው ዱቄት፣ በማጉያ ሲታይ እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ የተደራረበ ቅርፊት ነው።

እኔ ሳስተምር በጣም የምወደው ባሕር ዛፍን ነበር። ደሴ ላይ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፣ የጦሳ ተዳፋት ሞልቶታል። ዩካሊፕተስ የሚለው ስም ከሁለት ቃል ነው፦ ኤው «በደንብ»፣ ካሊፕቶስ «የተሸፈነ»። መዝገበ ቃላቱ «በደንብ የተሸፈነ» ብሎ ያልፋል። ምኑ ነው የተሸፈነው? ይህን ሳትጠይቂ ገጹን አትግለጪ! እንቡጡን አንስተሽ እይው፤ ክዳን አለው። አበባው ሲፈካ ክዳኑ ተፈንቅሎ ይወድቃል፤ ነጫጭ ክሮቹ ብቅ ይላሉ። ፈረንሳዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሌሪቲየ በ1788 እ.ኤ.አ. ስሙን ያወጣው ከአውስትራሊያዋ ደሴት ከታስማኒያ በመጣ ናሙና ላይ ይህንኑ ክዳን አይቶ ነው።

ግን ተጠንቀቂ። የስሙ ፍቺ የእንስሳው ፍቺ አይደለም። ግሪኮች ጉማሬን የወንዝ ፈረስ አሉት፤ ሂፖፖታመስ። የቅርብ ዘመዱ ግን ዓሣ ነባሪ እንጂ ፈረስ አይደለም። ፈተና ላይ የስሙን ፍቺ ብቻ ጽፈሽ ከወጣሽ ነጥብ ይቀነስብሻል።

የኛው ጭላዳም እንዲሁ ነው፤ ሳይንሳዊ ስሙ ቴሮፒቴከስ ጌላዳ ነው። ቴር አውሬ፣ ፒቴኮስ ዝንጀሮ ነው። «አውሬው» ግን ቀኑን ሙሉ ሣር ሲነጭ ይውላል። ጌላዳ የሚለው ደግሞ ግሪክ አይደለም። ጀርመናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ሩፔል በ1835 እ.ኤ.አ. ሲመዘግበው የአገሬውን ሰው አጠራር ነው የወሰደው። መዝገበ ቃላቶች ይህን ሲዘሉት ያናድደኛል፤ እኛ ጋ የተጠራ ስም ዓለም ሁሉ እየተጠቀመበት ነው።

ደብተርሽን ለሁለት ክፈይው። በግራ ግሪኩን፣ በቀኝ በዓይንሽ ያየሽውን ጻፊ። ያላየሽው ካለ ቀኙን ባዶ ተይው፤ ስታይው ትሞዪዋለሽ።