ያለ ጠበቃ ለሚከራከሩ፦ የሳምንቱ ጥያቄዎች

የዚህ ሳምንት ጠያቂዎች በፍትሐ ብሔር ጉዳይ ራሳቸው ችሎት የሚቆሙ ናቸው። ሕጉ ይህን ይፈቅዳል። ግን ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ የምንሠራበት የሥነ ሥርዓት ሕግ ጠበቃ ላለውም ለሌለውም አንድ ነው።

ጥያቄ፦ ያበደርኩትን ገንዘብ ለማስመለስ ከስሼ ነበር። በቀጠሮው ቀን ታክሲ አጥቼ አርፍጄ ስደርስ “መዝገቡ ተዘግቷል” ተባልኩ። ገንዘቤ ቀረ ማለት ነው?

መልስ፦ ቀረ አይባልም፤ ግን አንድ ቀን እንኳ አያባክኑ። ዛሬውኑ የትእዛዙን ግልባጭ ያውጡና በየትኛው የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር እንደተዘጋ ይመልከቱ። ቁጥር 69 ከሆነ ሁለታችሁም አልቀረባችሁም ማለት ነው። ይርጋ፣ ማለትም ሕጉ ለመክሰስ የሰጠው የጊዜ ገደብ፣ ካላገደዎት እንደገና መክሰስ ይችላሉ። ቁጥር 73 ከሆነ ግን ተከሳሹ ቀርቦ እርስዎ ቀርተዋል። ይሄኛው ከባድ ነው፤ በዚያው ጉዳይ አዲስ ክስ አይፈቀድልዎትም። ያለዎት መንገድ በአንድ ወር ውስጥ አመልክቶ መዝገቡን ማስከፈት ነው። ለመቅረትዎ በቂ ምክንያት ማሳየት አለብዎት። እውነቱን ልንገርዎት፣ “ታክሲ አጣሁ” ብቻውን ደካማ ነው። በዚያ ቀን ሌላ እክል ገጥሞዎት ከነበረ ማስረጃውን ያያይዙ፤ ማመልከቻውንም በቃለ መሐላ ይደግፉት። ብዙ ሰው ይህን አንድ ወር አማላጅ ሲፈልግ ይጨርሰዋል። በጣም ያሳዝነኛል።

ጥያቄ፦ መጥሪያ ደረሰኝ። “ክሱ ሐሰት ነው” ብዬ መልስ ብሰጥ አይበቃም?

መልስ፦ አይበቃም። ክሱን ነጥብ በነጥብ እያነሱ የሚክዱትን ይካዱ። ለይተው ያልካዱት ነገር እንዳመኑት ሊቆጠር ይችላል። “ፍርድ ቤቱ ሥልጣን የለውም” ወይም “ጉዳዩ በይርጋ ታግዷል” የሚሉ ከሆነም የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ (ወደ ዋናው ክርክር ከመገባቱ በፊት የሚታይ ተቃውሞ) አድርገው እዚያው መልሱ ላይ ያንሱት። በተለይ ይርጋን ዳኛው በራሱ አያነሳልዎትም። ዕዳው ሃያ ዓመት ቢሞላው እንኳ ተከሳሹ ዝም ካለ ክርክሩ ይቀጥላል።

ጥያቄ፦ ክሱን ካስገባሁ በኋላ አንድ ደረሰኝ አገኘሁ። ለዳኛው በእጄ ልስጥ?

መልስ፦ በእጅ አይሆንም። ማስረጃ ከክሱ ጋር ተዘርዝሮና ተያይዞ መቅረብ ነበረበት። አሁን ለምን እንደዘገየ ገልጸው በጽሑፍ ያስፈቅዱ። ከመጀመሪያው ያላቀረቡት በቂ ምክንያት ኖሮዎት ከሆነ ፍርድ ቤቱ ሊቀበለው ይችላል።

ጥያቄ፦ የዳኝነት መክፈያ የለኝም፤ መክሰስ አልችልም?

መልስ፦ ይችላሉ እህቴ። “በደሃ ደንብ ልክሰስ” ብለው ያመልክቱ፤ ቁጥር 467 ይፈቅዳል። ያለዎትን ንብረት አንድም ሳይደብቁ ይዘርዝሩ። ፍርድ ቤቱ አጣርቶ የመክፈል አቅም እንደሌለዎት ካመነ ሳይከፍሉ ክሱን ያስገባሉ።